ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ በኋላስ?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለግንበኞች፣ ለፎርማኖችና ለወጣት መሐንዲሶች በተዘጋጀ ስብሰባ ያደረግኩት ንግግር ነው። የቀረፀው ልጅ ጽፎ ላከልኝ። ብዙም ሳልነካካው ለጥፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! እንደምን ሰነበታችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ! ከበሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች ግቡ፣ ከፊት ወንበር አለ። የፊት ወንበር ለባለሥልጣን ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው? ግቡ፣ ግቡ።

የጥሪው ወረቀት ላይ «የብረት ፋይበር ኮንክሪት ጥንካሬና ባህርይ» ይላል። ጥንካሬውን ቶሎ ነው የምጨርሰው። ባህርዩ ላይ እቆያለሁ። ለምን እንደሆነ ስንሄድ ታዩታላችሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ፋይበሩ፣ ማለትም ኮንክሪት ውስጥ የሚደባለቀው አጭር ቀጭን የብረት ሽቦ፣ ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም? ሁለተኛ፣ ሳይት ላይ እንዴት ይበላሻል? ሦስተኛ፣ የት እንጠቀምበት፣ የትስ እንተወው? መሀል ላይ ወሬ ካበዛሁ ሰዓት ያዡ ምልክት ይስጠኝ። ባላየውም ይስጠኝ።

እሺ። መቼም ስለ ኮንክሪት ስናወራ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ስንት ይሸከማል?» ባለቤቱ ይጠይቃል። አማካሪው ይጠይቃል። ላቦራቶሪው ኪዩቡን፣ ከኮንክሪቱ የተሞላውን ናሙና፣ ይሰብርና በሜጋ ፓስካል፣ በጥንካሬ መለኪያው፣ አንድ ቁጥር ይሰጠናል። 25 ካለ እፎይ እንላለን። 19 ካለ ሽማግሌ እንልካለን። ትስቃላችሁ እንጂ ታውቁታላችሁ!

ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ማንም አይጠይቅም። ከተሰነጠቀ በኋላስ? ኮንክሪት እንደሆነ መሰንጠቁ አይቀርም። ከተሰነጠቀ በኋላ ምን ያደርጋል? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይቺ ጥያቄ ናት።

መጀመሪያ ተራውን ኮንክሪት እንየው። ሲ-25 የምንለው ኮንክሪት፣ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ኪዩብ ማለቴ ነው፣ ሲጫኑት 57 ቶን ገደማ ይችላል። 57 ቶን! ያንኑ ኮንክሪት ይዛችሁ ብትስቡት ግን የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ችሎ ይበጠሳል። ለግፊት ጀግና ነው፣ ለስበት ምንም አይሆንም። ሲበጠስ ደግሞ አያስጠነቅቅም። አሁን ደህና ነበር፣ አሁን ሁለት ቦታ ነው።

እኔ የሞጣ አካባቢ ልጅ ነኝ። ሰባራ ድልድይን የማያውቅ አለ እዚህ? አባይ ላይ፣ ከሞጣ ወደ አንዳቤት መሻገሪያ ያለው። በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ፌሮ የለው፣ ሲሚንቶ የለው። ታዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ያን የመሰለ ውሃ ከሥሩ እየሄደ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ቆመ? ቅስት ስለሆነ ነው። ቅስት ውስጥ ያለ ድንጋይ ሁሉ ይጨመቃል እንጂ አይሳብም። የጥንቱ ግንበኛ ድንጋይ ስበት እንደማይወድ ያውቃል፣ ስለዚህ ስበት የሚባል ነገር አላሳየውም። በጣሊያን ጊዜ ሰው ቆርጦ ጣለው እንጂ ራሱ አልወደቀም። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ሰዉ ክፍተቱን በገመድ እየተሳበ ተሻገረ። ከብቱም፣ እህሉም፣ ሙሽራውም።

እኛ ግን ቅስት ብቻ እየሠራን መኖር አንችልም። ወለል እንሠራለን፣ ሶሌታ እንሠራለን፣ ቢም እንሠራለን። እነዚህ ሁሉ ሲጫኑ ይታጠፋሉ። ሲታጠፉ አንደኛው ጎናቸው ይጨመቃል፣ ሌላው ይሳባል። በሚሳበው ጎን ፌሮ እናስገባለን። አርማታ ማለት ይኸው ነው፣ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ፋይበር ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ይቺን አያችኋት? አቀባበሏት፣ ከኋላም ትድረስ። ርዝመቷ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቷ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ 0.75 ነው። ሁለቱም ጫፏ ቆልመም ብሏል። በእጃችሁ ለማጠፍ ሞክሩ። አስቸገረቻችሁ አይደል? ይህ ሽቦ ስበትን ከ1,000 ሜጋ ፓስካል በላይ ይችላል። የምናውቀው ፌሮ ከ400 እስከ 500 ነው የሚሄደው።

ይህንን ሽቦ በአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 30 ኪሎ ጨምሩ እንበል። ትንሽ ይመስላል። በይዘት ብታሰሉት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ 0.38 በመቶ ነው። ግን ቁጥሩን አስቡት። ከ140 ሺህ በላይ ሽቦ ነው። ጫፍ ለጫፍ ብትቀጥሉት 8 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ፣ ወደየአቅጣጫው ተበትኖ።

እና ምን ይሠራል? አያቶቻችን ጭቃ ሲያቦኩ የጤፍ ጭድ የሚጨምሩት ለምንድን ነው? ጭዱ ጭቃውን ድንጋይ ያደርገዋል እንዴ? አያደርገውም። ግድግዳው ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፣ ጭዱ ግን ስንጥቁን ይዞ ያስቀረዋል። ጭድ የሌለው ልስን በመጀመሪያው በጋ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። እዚህ ያላችሁ አባቶች ይህንን ሳትማሩ ነው የምታውቁት። ፈረንጆቹ እንኳ ቁርጥራጭ ብረት ኮንክሪት ውስጥ ለመጨመር የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያወጡት በ1874 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። ነገሩ በሳይንስ መልክ የተያዘው ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. ሮሙዋልዲና ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ሽቦዎቹ ተቀራርበው ሲቀመጡ ስንጥቅ እንዳይሮጥ እንደሚይዙ ካሳዩ በኋላ ነው።

አሁን እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ስንጥቅ ሲከፈት ሽቦዋ ስንጥቁን አቋርጣ ትገኛለች፣ ግማሿ ወዲህ፣ ግማሿ ወዲያ። ስንጥቁ ሊሰፋ ሲል ትይዘዋለች። እንድትበጠስ አንፈልግም። ከተበጠሰችማ ነገሩ ሁሉ በድንገት አለቀ። የምንፈልገው ቀስ እያለች ተንሸራታ እንድትወጣ ነው። ለመውጣት ግን ያ የቆለመመው ጫፏ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ መቃናት አለበት። መቃናት ደግሞ ጉልበት ይበላል። አንዷ ትንሽ ነው የምትበላው፣ ሺዎቹ ግን ብዙ ይበላሉ። ሰባሪው ጭነት ያመጣው ጉልበት እዚያ ያልቃል። የፋይበሩ ሥራ ይኸው ነው። ሌላ ምትሀት የለውም።

ስለዚህ ኮንክሪቱ በጣም ጠንካራ ከሆነ ሽቦዋን ይዞ አይለቃትም፣ ትበጠሳለች። ጠንካራ ኮንክሪት ጠንካራ ሽቦ ይፈልጋል። ሁለቱን ለየብቻ መግዛት አይሆንም።

እስቲ ወደ ቢሞቹ እንምጣ። አንተ ቀይ ሹራብ፣ ና አግዘኝ። እነዚህ ሁለት ቢሞች በአንድ ቀን የተሞሉ ናቸው። ሲሚንቶው አንድ፣ አሸዋው አንድ፣ ጠጠሩ አንድ። 15 በ15፣ ርዝመታቸው 55 ሴንቲ ሜትር። 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ቀስ ብለህ፣ እግርህን!

ይህ የመጀመሪያው ፋይበር የለውም። እንደምታዩት ሁለት ቦታ ነው። ማሽኑ ላይ እያለ «ጧ!» አለ፣ አበቃ። የተሰበረውን ፊት ዳብሱት፣ ጠጠሩ ሳይቀር ለሁለት ተከፍሏል። ይህኛው ግን ፋይበር አለበት። እሱም ተሰንጥቋል። ያው በዚያው ጭነት አካባቢ ነው የተሰነጠቀው፣ ልብ በሉ፣ ብዙም አልበለጠም። ግን አልወደቀም። ማሽኑ መግፋቱን ቀጠለ፣ ስንጥቁ እየሰፋ ሄደ፣ ቢሙ ግን ጭነቱን እንደያዘ ነው። ድምፁም ሌላ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ሲለቁ ይሰማል። በስልካችሁ መብራት ስንጥቁ ውስጥ ግቡና እዩ። የወጡት ሽቦዎች ጫፋቸው ተቃንቷል። ቅድም በእጃችሁ ካያችሁት ቆልማማ ጫፍ ጋር አስተያዩት።

አሁን ጥንካሬውን ቶሎ ልጨርስ እንዳልኳችሁ። በተለመደው መጠን ብትጨምሩ የግፊት ጥንካሬው ብዙም አይለወጥም። ጥቂት ይጨምር ይሆናል፣ አንዳንዴ ምንም። የመጀመሪያው ስንጥቅ የሚመጣበት ጭነትም ብዙ አይለወጥም። የሚለወጠው ከስንጥቁ በኋላ ያለው ነው። ተራው ኮንክሪት ከስንጥቅ በኋላ ዜሮ ነው። ፋይበር ያለው እንደ ሽቦው ዓይነትና መጠን ግማሹን ይይዛል፣ ሙሉውን ይይዛል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። መደብደብን ይችላል፣ መደጋገምን ይችላል። የፎርክሊፍት ጎማ በቀን ሺህ ጊዜ የሚመላለስበት ወለል ይህንን ነው የሚፈልገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የአንድ ሥራ ባለቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ጠራኝ። ተቆጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የኪዩብ ውጤት ዘርግቷል። «ፋይበር ያለውም 28፣ የሌለውም 28 ነው፤ ገንዘቤን በላችሁት» አለኝ። እኔም «ኪዩቦቹ የት አሉ?» አልኩት። ላቦራቶሪው ጓሮ ተጥለዋል። ሄደን አየን። ፋይበር የሌላቸው ፍርስራሽ ሆነዋል። ፋይበር ያላቸው የተሰነጣጠቁ ግን ቅርፃቸውን የያዙ ኪዩቦች ናቸው፣ በእግራችሁ ብትገፏቸው ይንከባለላሉ። ሰውየው ዝም ብሎ አያቸው። ቁጥሩ እኩል ነው፣ ነገሩ እኩል አይደለም። ኪዩብ መስበር ለፋይበር ኮንክሪት የተሳሳተ ፈተና ነው። አማርኛ መምህርን በሒሳብ እንደመፈተን ነው ብዬ ነበር፣ ሚስቴ መምህርት ስለሆነች ተቆጣችኝና ትቼዋለሁ።

ታዲያ ትክክለኛው ፈተና ምንድን ነው? ቢሙን ማጠፍ ነው። የአውሮፓው ደረጃ፣ ኢኤን 14651 የሚባለው፣ እንዲህ ያለውን ቢም ሆዱ ላይ 25 ሚሊ ሜትር በመጋዝ ያስበጣዋል። ከዚያ 50 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው በሚቆሙ ሁለት ድጋፎች ላይ አስተኝቶ መሀሉን ይጫነዋል። ስንጥቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲከፈት ስንት ይዟል? 1 ተኩል ሲሆንስ? 2 ተኩል ሲሆንስ? 3 ተኩል ሲሆንስ? አራት ቁጥር ይወጣል። እነዚህ አራት ቁጥሮች ናቸው ባህርዩ። ዲዛይን የሚሠራው በነሱ ነው። ደንቡም አለ። ፋይበሩ ፌሮን በከፊልም ሆነ በሙሉ ይተካ ከተባለ፣ ስንጥቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲከፈት ከመጀመሪያው የመሰንጠቂያ ጥንካሬ ቢያንስ 40 በመቶውን መያዝ አለበት። 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ሲደርስ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ከያዘው ቢያንስ ግማሹን። ከዚህ በታች ከሆነ ፋይበሩ ጌጥ ነው።

ሰዓት ያዡ እያየኝ ነው። ወደ ሁለተኛው ልግባ። ሳይት ላይ እንዴት ይበላሻል?

መጀመሪያ ያለ ፋይበር ራሱ እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። ቡሬ አካባቢ የእህል መጋዘን ወለል ነው። ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሜሽ፣ የብረት መረቡ ማለቴ ነው፣ ያለበት። ሥዕሉ ላይ ሜሹ ከላይ በኩል ነው ያለው፣ በሚያምር መስመር ተሰምሯል። ሳይት ላይስ? ኮንክሪቱ ሲወርድ ዘጠኝ አሥር ሰው ቦት ጫማ አድርጎ ሜሹ ላይ ይቆማል። ፎርማኑ «ሳቡት! ሳቡት!» ይላል። አንዱ በሜንጦ ጎትቶ ያነሳዋል፣ ሌላው ባሬላ ይዞ መጥቶ ይረግጠዋል። በኋላ ወለሉ ተሰነጣጠቀ። በኮር ማሽን ክብ አድርገን ቆርጠን ስናወጣው ሜሹ የት ተገኘ? ከታች፣ ሃርድኮሩ ላይ፣ ከሥር በተነጠፈው ድንጋይ ላይ ተኝቶ! ኮንክሪቱን እንኳ በቅጡ አልነካውም። ስንቱ ብር ነው እዚያ የተቀበረው? ይህ የማይታወቅ ነገር ነው እንዳትሉኝ፣ እዚህ ካለነው ግማሻችን አይተነዋል።

የፋይበሩ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ከላይም አለ፣ ከታችም አለ፣ መሀልም አለ። ረግጣችሁ አታወርዱትም። የፌራዮ፣ የብረት አሳሪው፣ ቀን ይቀራል፣ መኪናው በቀጥታ ገብቶ ያፈስሳል።

ግን ግን ግን። ፋይበርም መበላሸት ይችላል።

አንደኛው ኳስ መሥራት ነው። ሽቦውን ዘርግፋችሁ ሚክሰሩ ውስጥ ከጣላችሁት ይጠላለፋል፣ የተጠላለፈው ኳስ ይሆናል። ኳስ የሆነበት ቦታ ሽቦ ብቻ ነው፣ ሌላው ቦታ ባዶ ነው። እንዳልተቦካ ጭድ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ ቀድማችሁ አትጨምሩት። ጠጠርና አሸዋው እየተንቀሳቀሰ፣ ቀስ እያላችሁ፣ እየበተናችሁ። በሙጫ ተጣብቆ የሚመጣ ዓይነትም አለ፣ እሱ ውሃ ሲያገኝ ራሱ ይፈታል፣ ለሥራ ይቀላል። በአካፋ መሬት ላይ የሚቦካ ኮንክሪት ውስጥ ፋይበር አይግባ። አይሆንም። ልመና አይደለም፣ አይሆንም። ደግሞ ጠጠራችሁ በጣም ትልቅ ከሆነ ሽቦዋ ታቅፋ ልትይዘው አትችልም፤ የሽቦዋ ርዝመት ከትልቁ ጠጠር ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን።

ሁለተኛው ውሃ ነው። አይ ውሃ! ፋይበር ሲገባ ኮንክሪቱ ወፍራም ይመስላል፣ ስላምፑ፣ የቅጥነቱ መለኪያ፣ ይወርዳል። የእኛ ሰው ደግሞ ወፍራም ኮንክሪት ሲያይ እጁ ወደ ውሃው ጎማ ነው የሚሄደው። «ትንሽ ውሃ ጣል አርግበት።» ያቺ ትንሽ ውሃ ናት የምትገድለን! ውሃ ሲበዛ ኮንክሪቱ ይደክማል፣ የደከመ ኮንክሪት ሽቦውን አይዝም፣ ጫፉ ሳይቃና ይሾልካል። ማለስለሻ ኬሚካል ጨምሩ። ቫይብሬተር አስገቡ። ሲንቀሳቀስ ይለሰልሳል፣ ቆሞ ሲታይ ነው የሚያስፈራው። ቫይብሬተሩንም አታብዙት፣ ሽቦዎቹ ሁሉ ጋደም ይላሉ፣ አንዳንዱም ወደ ታች ይወርዳል።

ሦስተኛው ስርቆት ነው። አታጉረምርሙ፣ ስርቆት ነው። 30 ኪሎ ተብሎ 18 ኪሎ ይገባል። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ማን ያያል? ስለዚህ ሳይደርቅ እዩ። የ10 ሊትር ባልዲ ያዙ፣ ከሚክሰሩ ሙሉት። በወንፊት ላይ በውሃ እጠቡት፣ ሽቦውን በማግኔት ልቀሙት፣ አድርቃችሁ መዝኑት። 30 ኪሎ በሜትር ኩብ ከሆነ 300 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው ውሰዱ። ማግኔት፣ ባልዲ፣ ሚዛን። ይኸው ነው ላቦራቶሪው። እኔ ማግኔቴን ከመኪናዬ አላወጣም፣ ሳይት ስደርስ እሱን ሲያዩ ሰዉ ሁሉ ጨዋ ይሆናል።

በትንሽ ሚክሰር፣ በከረጢት ለምትሠሩ ደግሞ ሒሳቡ ይኸውላችሁ። በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ከሆነ ሰባት ከረጢት ነው። 30ን ለሰባት አካፍሉ። ለአንድ ከረጢት 4 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ። በእፍኝ አይደለም፣ በሚዛን!

ጓንትና መነጽርም አትርሱ። ሽቦው ይወጋል። ወለሉ ከተጠናቀቀ በኋላም ላይ ላይ ብቅ ያሉት በባዶ እግር የሚሄድን ይቆርጣሉ። ላዩን በደንብ ለስኑት፣ የወጡትን ቁረጡ። ላይ ያሉት ትንሽ ይዝጋሉ፣ ቡኒ ነጠብጣብ ይወጣል። እንደ ፌሮ ዝገት አብጦ ኮንክሪቱን አይሰነጥቅም፣ ሽቦው ቀጭንና የተቆራረጠ ስለሆነ። መልኩን ነው የሚያበላሸው። መኪና ማሳያ ክፍል ከሆነ ባለቤቱ ይጮህባችኋል፣ የበቆሎ መጋዘን ከሆነ ማንም አያየውም።

ደግሞ ፋይበር አለበት ብላችሁ ውሃ ማጠጣት እንዳትተዉ። እዚህ አገር ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ፀሐይና ንፋስ ታውቁታላችሁ። ቢያንስ ሰባት ቀን አጠጡ፣ ሸፍኑ። የመጋዘን ወለል ከሆነ መገጣጠሚያውን በመጋዝ በማግስቱ ቁረጡ እንጂ ሳምንት አትጠብቁ። እናንተ ካልቆረጣችሁት ራሱ ይቆርጠዋል፣ እሱ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አያውቅም።

ሦስተኛው፣ የት እንጠቀምበት? ይህ ሰፊ ነው፣ ግን አጭር አደርገዋለሁ።

ወለል፣ አዎ። መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ መኪና ማቆሚያ። ዋሻ፣ በጣም አዎ። ጣና በለስን ታውቃላችሁ፤ የጣናን ውሃ ወደ በለስ የሚወስደው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ውስጡ በተገጣጠመ ኮንክሪት የተለበጠ ነው። እንዲህ ያለውን የዋሻ ልባጥ በሌላው ዓለም በብረት ፋይበር ይሠሩታል፤ የለንደኑ ክሮስሬይል ባቡር ዋሻዎች አንዱ ናቸው። ለምን? የልባጡ ቁራጭ ከፋብሪካ ወጥቶ እስኪገጠም ድረስ ጠርዙ ይጋጫል፣ ፌሮ ደግሞ ጠርዝ ድረስ አይደርስም፣ ፋይበር ግን ይደርሳል። አለት ላይ የሚረጨውም ኮንክሪት እንዲሁ ነው። አለቱ ወጣ ገባ ነው፣ ሜሽ አስተካክሎ ማሰር ጣጣ ነው፣ ፋይበሩ ግን አብሮ ይረጫል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በአባይ በረሃ በወረዳችሁ ቁጥር ያንን የሚንሸራተት ተራራ እያያችሁ አስቡት። ተራራው ከሥር ሲሄድ ማንም ፋይበር አያቆመውም፣ ያ የፍሳሽና የአፈር ጉዳይ ነው። የሚረግፍ የአለት ፊት ግን ሌላ ነው።

አንድ ደግሞ ለወጣቶቹ። የማንሆል ክዳን! የብረቱ ክዳን ሲቀመጥ ማታ ይሄዳል፣ ጠዋት ጉድጓዱ ብቻ ነው ያለው። ሕንዶች ክዳኑን በብረት ፋይበር ኮንክሪት ይሠሩታል፣ የራሱ ደረጃ አውጥተውለታል። ለቁራሌው ምንም አይጠቅመውም፣ ስለዚህ አይሰረቅም። ማኅበር ተደራጅታችሁ ሥራ አጣን የምትሉ፣ ሰምታችኋል?

የት እንተወው? ኮለን ውስጥ ፌሮን በፋይበር አትተኩ። ዋና ቢም፣ አትተኩ። የፎቅ ሶሌታ፣ ዲዛይነሩ በስሙ ፈርሞ ካልሠራው በቀር፣ አትተኩ። ፋይበር ወደየአቅጣጫው የተበተነ ነው፤ ስበቱ የት እንደሆነ ካወቃችሁ ፌሮ እዚያው ብታስቀምጡ ይሻላል። ቢም ላይ የሚፈቀድ ነገር አለ። የአሜሪካው ደንብ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛውን ስታፋ፣ ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት ብረት፣ በፋይበር መተካት ፈቅዷል፣ ግን በገደብ። ቢሙ ከ60 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከፍታ፣ ኮንክሪቱ ከ40 ሜጋ ፓስካል የማይበልጥ፣ ፋይበሩ በሜትር ኩብ ከ60 ኪሎ የማያንስ። ዋናው ፌሮ ያው እንዳለ ነው። «ፈቅዷል» የምትለውን ብቻ ሰምቶ የሚሮጥ አይጠፋምና ገደቡን ደግሜ ልበለው? አልፈልግም፣ ተቀርጿል።

እሺ፣ ጥያቄ። እርስዎ አባቴ፣ ይናገሩ።

«ልጄ፣ የማሰሪያ ሽቦ ቆራርጠን ብንጨምርስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው አባቴ። ይህ ጥያቄ ያልቀረበበት ስብሰባ የለም። የማሰሪያ ሽቦ በእሳት የለሰለሰ ነው፣ በእጅ እንዲጠመዘዝ ተብሎ። ለማሰር የሚመቸው እሱ ራሱ ነው እዚህ የሚጎዳው። ጥንካሬው ቅድም በእጅዎ ከያዙት ሩቡ ወይም ሲሶው ነው፣ ጫፉም አልተቆለመመም። ስንጥቁ ሲከፈት ይሾልካል። ከአሮጌ ጎማ የሚወጣ ሽቦን ብዙ ተመራማሪዎች ሞክረውታል፣ ሽቦው ራሱ ጠንካራ ነው፣ ችግሩ አጭሩና ረጅሙ የተደባለቀ ስለሆነ ኳስ ይሠራል። ተጣርቶና ተለይቶ ከመጣ ይሠራል። እኛ ጋ ግን ጎማ እያቃጠልን ሽቦ እንልቀም ማለቴ አይደለም፣ እግዜር ይይላችሁ!

አንቺ እህቴ፣ ከኋላ።

«እሳት ቢነሳስ ይከላከላል?»

አይከላከልም። ጥብቅ ኮንክሪት በእሳት ጊዜ ውስጡ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። ለዚያ የሚጠቅመው ቀጭን የፕላስቲክ ፋይበር ነው፤ ይቀልጥና ለእንፋሎቱ መንገድ ይከፍታል። ዋሻ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ይጨምራሉ። ገበያ ላይ ሁለቱም «ፋይበር» ነው የሚባሉት። የፕላስቲኳን ቀጭን ክር ገዝታችሁ ፌሮ ተካሁ እንዳትሉ። እሷ የመጀመሪያውን ቀን ስንጥቅ ነው የምትይዘው፣ ኮንክሪቱ ገና እርጥብ እያለ።

የመጨረሻ። አንተ።

«ዋጋውስ? ደግሞ ስናዝ ምን ብለን ነው የምንጽፈው?»

ዋጋውን አልነግርህም፣ ዛሬ ብነግርህ እስከ ሰኞ ይለወጣል። ስታወዳድር ግን ኪሎን ከኪሎ አታወዳድር። የፌሮውን፣ የመቁረጫውን፣ የማሰሪያውን፣ የፌራዮውን ቀንና የቀረውን ጊዜ ደምረህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ፋይበሩ ይረክሳል፣ አንዳንድ ጊዜ አይረክስም።

ስታዝ ደግሞ «30 ኪሎ ፋይበር» ብለህ ብቻ አትጻፍ። የአንዱ አቅራቢ 30 ኪሎ ከሌላው 30 ኪሎ ጋር አንድ አይደለም። አንዱ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ሌላው ወፍራምና አጭር ነው፣ አንዱ ጫፉ ቆልማማ ነው፣ ሌላው ቀጥ ያለ። ቅድም ያልኳቸውን አራት ቁጥሮች ጻፍ። ስንጥቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲከፈት ይህን ያህል፣ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ሲከፈት ይህን ያህል እፈልጋለሁ በል። ስንት ኪሎ እንደሚበቃ አቅራቢው በአንተው አሸዋና ጠጠር ቢም ሠርቶ፣ አጥፎ ያሳይህ። አንድ ቢም ብቻ ካሳየህ አትቀበለው፣ ውጤቱ ከቢም ቢም ይለያያልና ስድስት ሰባት ይሥራ። የቢም ማጠፊያ ማሽን ስንጥቅ የሚለካ መሆኑንም ላቦራቶሪውን ከውሉ በፊት ጠይቅ፤ ጭነት ብቻ የሚያነብ ማሽን ከስንጥቁ በኋላ የሆነውን አይነግርህም።

ሰዓቴ አልቋል፣ ምሳ እየጠበቀን ነው። ጥያቄ የቀራችሁ ምሳ ላይ ያዙኝ። አመሰግናለሁ!